«ከአንቺ ቤት የመጣ በሽታ ነው»፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከወሎ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በዘር የሚመጣና ብዙ ሐኪም እንኳ እምብዛም የማያየው ዓይነት በሽታ ያለበትን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው። የጠየቁን ስለ ልጁ ብቻ አይደለም፤ ስለራሳቸው እንቅልፍ፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ ንዴታቸውና ስለ ትዳራቸውም ጭምር ነው። ጭንቀታቸውን በአንድ ላይ ጠቅልለው ነው የሚጽፉልን፤ እኛ ግን ስንመልስ እየፈታታን ነው። ለሌሊቱ የራሱ መላ አለው፣ ለሸክሙ የራሱ፣ ለአማት ንግግርም የራሱ። ስምና ቀበሌ አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ሐይቅ አጠገብ ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጄ ዱሼን የሚባል የጡንቻ መድከም በሽታ እንዳለበት ተነግሮናል። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ጉበቱ ነው እየተባለ መድኃኒት ሲወስድ ነበር። አሁን የባለቤቴ እናት «ከአንቺ ቤት የመጣ በሽታ ነው፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይላሉ። ባለቤቴ ዝም ይላል። የ12 ዓመት ሴት ልጅም አለችን። ሌላ ልጅ አስበን ነበር፤ አሁን ፈራሁ። ሌሊቱን ጣራ ጣራ ሳይ አድራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው? ለዘር ምርመራ በሬያችንን እንሽጥ?

መልስ፦ እህታችን፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን የምንልሽ ልናባብልሽ ብለን አይደለም፤ የበሽታው አመጣጥ ራሱ የሚያሳየው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ዱሼን የሚመጣው ጡንቻን ደግፎ የሚይዘው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ሳይሠራ ሲቀር ነው። የፕሮቲኑ መመሪያ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። አማትሽ የሰሙት እስከዚህ ድረስ ያለውን ይሆናል። ያልሰሙት ቀሪው ነው፤ ዱሼን ካለባቸው ልጆች የአንድ ሦስተኛው ያህል እናቶች ተሸካሚ (አንድ የተበላሸ ኤክስ ያላቸው) አይደሉም። ስሕተቱ በልጁ የጀመረ አዲስ ነው፤ ከማንም ቤት አልመጣም። የዲስትሮፊን ዘረ መል በሰው ላይ ከሚታወቁት ረጃጅሞቹ አንዱ ነውና ሲገለበጥ ስሕተት የሚገባበት ቦታም ብዙ ነው። በዓለም ላይ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱን ይይዛል፤ ሃይማኖት አይለይም፣ ደጋና ቆላም አይመርጥም። ተሸካሚ ሆነሽ ብትገኚ እንኳ የትኛው ኤክስ ለልጅሽ እንዲደርስ የመረጥሽው ነገር የለም። በእርግዝናሽ ጊዜ የበላሽው፣ የተሸከምሽው እንስራ፣ የደነገጥሽው ድንጋጤ፣ አንዱም አላመጣውም።

ስለ ጉበቱም ራስሽን አትውቀሺ። በደም ምርመራ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከፍ ሲሉ ቶሎ የሚጠረጠረው ጉበት ነው። ኢንዛይሞቹ ግን በጡንቻም ውስጥ ስላሉ ጡንቻ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈሳሉ። ይህ በብዙ አገር የሚደጋገም ስሕተት ነው። የሚለየው ሲኬ የተባለው ምርመራ ነው፤ በጤነኛ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 200 አካባቢና ከዚያ በታች የሆነው ቁጥር ዱሼን ባለበት ልጅ 10,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። (ሌሎች አንባብያንም ልብ በሉ፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ወንድ ልጅ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ፣ ባቱ ያበጠ፣ ከመሬት ሲነሳ ጭኑን በእጁ እየተደገፈ የሚቆም ከሆነ የጉበት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሲኬ ይታይለት።)

ሌላ ልጅ ስለ መውለድ፦ ተሸካሚ ከሆንሽ እያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ነው የሚቆጠረው። ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴት ከሆነች ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። «አንዱ ስለታመመ ቀጣዩ ይተርፋል» የሚባለው ስሌት አይሠራም፤ «ቀጣዩም መታመሙ አይቀርም» የሚባለውም አይሠራም። በደም ምርመራ ተሸካሚ አይደለሽም ብትባዪም ትንሽ ስጋት ይቀራል፤ ስሕተቱ በደምሽ ሳይታይ በአንዳንድ እንቁላሎችሽ ብቻ ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ እስክትወስኑ ድረስ ከጤና ጣቢያ የወሊድ መቆጣጠሪያ ውሰጂ። ማዘግየት መተው አይደለም፤ «ድንገት ባረግዝስ» የሚለው ስጋት ግን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ይቀልልሻል።

ሴት ልጅሽ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች፤ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ስታድግ ራሷ አውቃ የምትወስነው ምርመራ ነው። ተሸካሚ ከሆኑ ሴቶች አንዳንዶቹ በአዋቂነታቸው የልብ ጡንቻ ድካም ስለሚያገኛቸው አንቺ አሁን፣ እሷ ደግሞ ስታድግ የልብ አልትራሳውንድ ብትነሱ ጥሩ ነው። ከዚህ አልፎ ልጅቱን «የበሽታ ዘር» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢመጣ ከደጅ መልሺው።

በሬውን አሁን አትሽጡ። የዘር ምርመራ ናሙና ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ ውድ ነው። ቅደም ተከተልም አለው፤ አስቀድሞ የልጁ ይሠራል፤ የእሱ ስሕተት ያለበት ቦታ ከታወቀ በኋላ ነው ያንቺ የሚፈለገው። ከእሱ በፊት ያንቺን ማሠራት ገንዘብ መበተን ነው። ደግሞም የዛሬው ሕክምና ያ ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። ለዱሼን የሚሰጠው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም በቀን ይታዘዛል፤ ልጁ 20 ኪሎ ከሆነ 15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 5 ሚሊ ግራሙ 3 ፍሬ፣ ጠዋት ቁርስ ከበላ በኋላ። መጠኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሐኪሙ ነው። ትልቁ አደጋ ፍሬው አልቆ መቋረጡ ነው። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆም ድንገት ሲቋረጥ ማስመለስና ራስ መሳት ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። የ10 ቀን ፍሬ ሲቀር አዲስ ማዘዣ ውሰዱ፤ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

ማታ ማታ ጉልበቱን ቀጥ አድርገሽ ተረከዙን በመዳፍሽ ያዢና እግሩን ወደ ራሱ አቅጣጫ ግፊው፤ 15 ሰከንድ አቆይተሽ ልቀቂ፤ ለእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ከትምህርት ቤት መንገዱ ላይ ቁልቁለት ካለ ሲወርድ ተሸከሙት ወይም በአህያ ይምጣ። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ጡንቻውን የበለጠ የሚበጥሰው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማልና። ከድካም በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

አማትሽን በክርክር አትረቺያቸውም። መናገር ያለበት ባለቤትሽ ነው፤ እሱ ዝም ባለ ቁጥር የእሳቸው ቃል ይጸናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮሽ ይሂድና ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ከዚያ ለእናቱ ብዙ ማብራራት አይጠበቅበትም፤ «እማዬ፣ ሐኪሙን ጠይቄአለሁ፤ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ይህ ወሬ በቤቴ ይብቃ» ካለ በቂ ነው። ካልሆነ አበጋር ወይም ሁለቱም ቤተሰብ የሚሰሟቸው ሽማግሌ ይግቡበት፤ የሚዳኙት ግን ንግግሩን ነው፤ የዘሩን ጉዳይ አይደለም። ጣራ እያዩ ማደሩን በተመለከተ ከታች ከደሴ ለመጣው ደብዳቤ የሰጠነውን መልስ አንብቢ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የ14 ዓመት ልጃችን ዱሼን አለበት፤ መራመድ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ «አገላብጡኝ» ይላል፤ እኔም እናቱም እንነሳለን። ወገቤ ተቆርጧል። እንዳልተኛ ብዬ ማታ ማታ ጫት እቅማለሁ። ሰሞኑን ልጁ ላይ ጮህኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠላሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ አስቀድመው አንድ ነገር ያጣሩ። የልጁ ጥሪ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጨምሯል? ጠዋት ራሱን ያመዋል? ቅዠት አለው? ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያልተኛ ይመስላል? ከሆነ የመተንፈሻ ጡንቻው ሌሊት እየደከመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠራው ጎኑ ስለቆረቆረው ብቻ ሳይሆን አየር ስለሚያጥረውም ነው። ሪፈር አጽፈው የሳንባ አቅሙ ይለካ፤ ሌሊት በጭምብል የሚደግፍ የትንፋሽ መሣሪያ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ሐኪም ይነግራችኋል። የእንቅልፍ ኪኒን ግን በምንም ዓይነት አይስጡት፤ ትንፋሹን የበለጠ ያደክመዋል።

ሁለታችሁም መነሳታችሁን አቁሙ። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይተኛ፣ ሌላው ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት። የሚተኛው ሌላ ክፍል ይተኛ፤ ክፍል ከሌለ ጆሮውን በጥጥ ይድፈን። ሳይቋረጥ የተተኛ አራት አምስት ሰዓት እየተቆራረጠ ከተተኛ ስምንት ሰዓት ሊሻል ይችላል። መጀመሪያ ሳምንት እናትየው ተራዋ ባይሆንም ትነሳለች፤ የእናት ነገር ነው፤ ግን አይፍቀዱላት። የሌሊት ፈረቃ በሚገቡበት ሳምንት ይህ ስለማይሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት በሳምንት ሁለት ሌሊት እንዲያድርላችሁ አስቀድማችሁ ለምኑ።

ከአልጋው የሚገኝ እፎይታም አለ። ልጁ በከባድ ብርድ ልብስ ሥር እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ አይበርድም፤ ነጠላ ወይም ቀላል ጋቢ ይበቃዋል። አልጋው ግርጌ ካርቶን አቁማችሁ ልብሱን በእሱ ላይ ጣሉት፤ የልብሱ ክብደት ጣቱን ወደ ታች እየገፋ ቁርጭምጭሚቱን እንዳያደርቅ። ወደ ጎን ሲተኛ በጉልበቶቹ መካከልና ከጀርባው ትራስ ይግባ። የሚያንሸራትት አንሶላ ሥሩ ካለ በትንሽ ጉልበት ይገለበጣል።

ስለ ወገብዎ፦ ሰውን ከ16 ኪሎ በላይ ብቻን ማንሳት ለሆስፒታል ሠራተኞችም አይመከርም፤ የእርስዎ ልጅ ከዚያ በእጥፍ ሳያልፍ አይቀርም። በብብቱ ይዞ ማንሳት ደግሞ የባሰ ነው፤ ትከሻው ስለላላ ሾልኮ ይወድቃል፤ እርስዎም ለመያዝ ሲታገሉ ወገብዎ ይሄዳል። ለሁለት ይሁን። አንዱ ከኋላ ሆኖ እጆቹን በልጁ ብብት ሥር አሳልፎ፣ ልጁ ደረቱ ላይ ያጣመራቸውን ክንዶች ይያዝ፤ ሌላው ከጉልበቱ በላይ ጭኑን ይያዝ፤ ተቆጥሮ እኩል ይነሳ። ከአልጋ ወደ ወንበር ሲሆን ሁለቱን እኩል ቁመት አድርጎ ለስላሳ ጣውላ በመካከል መዘርጋትና ማንሸራተት ከሁሉም ይቀላል፤ ጣውላውን የሠፈር አናጢ ጠርዙን አለስልሶ ይሠራዋል።

ጫቱን የነቀፍነው መስሎ አይሰማዎት፤ ግን ማታ የቃሙት ጫት ተራዎ ሲደርስ እንዳይተኙ ያደርጋል፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድብርትና ብስጭት ደግሞ ልጁ ላይ ነው የሚወጣው። ተራ ካላችሁ መንቃቱ ለግማሽ ሌሊት ብቻ ስለሆነ ጫት አያስፈልገውም። ቡናም ከ10 ሰዓት በኋላ ይቅር።

ስለ ጩኸቱ፣ ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ ይገባዋል። «ደክሞኝ ነው የጮህኩት፤ አንተ ጠርተህ አላጠፋህም» ይበሉት። ይህን ካልሰማ ሸክም መሆኑን አምኖ መጥራት ሊያቆም ይችላል፤ ጎኑ የሚቆስለው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፤ ከባቲ ነው የምጽፈው። የ7 ወር ሴት ልጄ ሁለት ጊዜ አጥንቷ ተሰብሯል። የዓይኗ ነጩ ክፍል ሰማያዊ ይመስላል። አጥንት የሚሰባበርበት በዘር የሚመጣ በሽታ ነው አሉኝ። ከዚያ በፊት ግን «መታሻት ወይ? ጣልሻት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ልነካት እፈራለሁ፤ የምታቅፋት እናቴ ናት።

መልስ፦ ጥያቄው እንደ ስለት የሚቆርጥ ነው፤ ሕፃን ተሰብሮ ሲመጣ ግን ጤና ባለሙያ ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም። ዳግመኛ እንዳትጠየቂ የበሽታው ስም በሐኪም ፊርማና ማህተም የተጻፈበት ወረቀት ይኑርሽ፤ ፎቶውንም በስልክሽ ያዢ።

ልትነኪያት ይገባል፤ አነካኩ ነው የሚለየው። ዳይፐር ወይም ጨርቅ ስትቀይሪ ሁለት እግሯን በቁርጭምጭሚት ይዘሽ ወደ ላይ አታንሺ፤ የጭን አጥንት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እጅሽን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብተሽ ትንሽ ከፍ አድርጊ ወይም ወደ ጎን አንከባሊያት። ስታነሻት አንድ እጅ ጣቶቹ ተዘርግተው ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላው ከትከሻዋና ከራሷ ሥር ይሁን። በእጅ መጎተት፣ በብብት ማንሳት፣ ወደ ላይ መወርወር ለሁሉም ዘመድ ክልክል ይሁን። ሲያለብሷት ልብሱ ሰፊ፣ ከፊት የሚከፈት ይሁን፤ እጇን ወደ እጅጌው አትጎትቺ፤ ያንቺን እጅ በእጅጌው አሳልፈሽ የእሷን ተቀበያት። በጀርባ በአንቀልባ ማዘል ለጊዜው ይቅር፤ እግሯን በሰፊው ስለሚከፍትና ደረቷን ስለሚጫን።

ይህን ሁሉ ጠብቀሽም ልትሰበር ትችላለች። ያኔ ጥፋተኛ አትፈልጊ፤ ጥሩ ደግፈሽ ሐኪም ቤት ውሰጂያት። ወጌሻ ጋር ግን አትሂጂ፤ መታሸቱ ሌላ ስብራት ይጨምራል። እናትሽ ቢያግዙሽ መልካም ነው፤ ጡት ስታጠቢና ስትታጠብ ግን አንቺ ሁኚ። ፍርሃቱ የሚለቀው በመያዝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፤ ደሴ ነኝ። የልጄ በሽታ ስሙ እንኳ ገና አልታወቀም፤ ናሙናው ውጭ ተልኳል ተብያለሁ። ስልኬን ሳገላብጥ አመሻለሁ። ሰው ሲመጣ ደክሞኝ እተኛለሁ፤ ሲሄዱ እንቅልፍ የለም። ሰዎች «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ይህ ሐዘን ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ተከፍተሻል ወይም ተስፋ ቆርጠሻል? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረ ነገር፣ ቡናው፣ ጨዋታው፣ የልጁ ሳቅ፣ ምንም አልመስል ብሎሻል? ያዘነ ሰው ልጁ ሲስቅ ለአፍታም ቢሆን ይስቃል። ለአንዱ እንኳ መልስሽ አዎ ከሆነ፣ በላዩም እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጉልበት ከጠፋ፣ ይህ የሚታከም ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እዚያ ስትደርሺ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይወጋኛል» ብቻ አትበዪ፤ የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቶሽ ትመለሻለሽ። «ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ አልተኛም፤ ምንም ደስ አይለኝም፤ የታመመ ልጅ አለኝ» በዪ። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን እንዲታይልሽም ጠይቂ፤ ሁለቱም ድባቴን ይመስላሉ። በብዙ ጤና ጣቢያ ስለ አእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ አለ፤ ከሌለ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልሽ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለሽ ሪፈሩን ሳትይዢ አትሂጂ፤ ወጪው በራስሽ ይሆናል።

ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝልሽ መሥራት የሚጀምሩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተዋል፤ የሚከሽፈውም እዚያ ላይ ነው። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ 9 ወር ይቀጥላል። አሚትሪፕቲሊን ሕፃን ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጁና አንቺ ብትሞቱ እንደሚሻል የሚነግርሽ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያንኑ ቀን ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ የአይጥ መርዝና የተባይ ማጥፊያም ከቤት ይውጣ።

ስም ሳይወጣለት የሚታከም ነገር እንዳለ እወቂ። የሚጥለው ከሆነ የሚጥለው ይታከማል፤ አይበላ እንደሆነ አመጋገቡ ይስተካከላል፤ መስማትና ማየቱ ይመረመራል። የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፋይል ውስጥ አኑሪ፤ ያልተለመደ ነገር ሲያሳይ በስልክሽ ቅረጪው። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪም ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ስለ በሽታው በስልክ መፈለጉን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አድርጊው። ሌሊት የሚነበበው ሁሉ የልጅሽን በሽታ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ከኩታበር የቅሬ (የእድር) ሰብሳቢ ነኝ። በቅሬያችን እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። ለሞተ እንደርሳለን፤ ለእነዚህ ግን ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንባችሁን እዩ። ብዙ ቅሬ ከቀብርና ከለቅሶ የቀረን አባል ይቀጣል። ልጁን ጥለው መምጣት ስለማይችሉ ቅጣቱ ይጠራቀምባቸዋል፤ በሐፍረት ከቅሬው የሚወጡም አሉ። ከሁለቱ አንዱ ከመጣ እንደ ሙሉ እንዲቆጠር ወስኑና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። በቃል ብቻ የተደረገ ምሕረት ሰብሳቢ ሲቀየር ይረሳል።

«ምን እናግዝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምንም፣ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን» ነው የሚሏችሁ። በተለየ ነገር ኑ። ውኃ ማክሰኞና ዓርብ የሚቀዳላቸው ማን ነው? እህል ወፍጮ ቤት የሚወስድ ማን ነው? ደሴ ቀጠሮ ሲኖር አብሮ ሄዶ ልጁን የሚያወርድና የሚሸከም ጎልማሳ ማን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ልጁን መጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ይመረጡ፤ እናትየዋ አነሳሱንና አመጋገቡን ታሳያቸው፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሰዓት ይጠብቁ። በየጊዜው አዲስ ሰው ከተላከ ሁሉንም ስታስተምር ትደክማለች እንጂ አታርፍም።

በዚህ ቤት ታላቅ እህት ካለች ትምህርት ቤት መቅረት አለመቅረቷን ጠይቁ። ወንድሟን የምትሸከመው እሷ ሆና ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይላትም።

ቡና ላይ ስትቀመጡ በየሄዳችሁበት «ሐኪሙ ምን አለ?» አትበሉ፤ አዲስ ነገር ሲኖር ራሳቸው ይነግሯችኋል። ልጁን በስሙ ጥሩትና ሰላም በሉት። በየሳምንቱ አዲስ አዋቂ ጠቁማችሁ ገንዘብ የምታስወጧቸው ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ፕሬድኒሶሎን የሚወስደውን ልጃችንን ጠበል ልንወስደው ነው፤ ጾምም እየገባ ነው። መድኃኒቱን እናቁም?

መልስ፦ አታቁሙ። ጠበልም ዱአም ከኪኒን ጋር አይጣሉም፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድን ልጅ የሚጎዳው የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። ለሚቆዩበት ቀን የሚበቃውን፣ በተጨማሪም የአምስት ቀን ትርፍ ይዛችሁ ሂዱ። ኪኒኑን ውጦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ በድጋሚ ይሰጠው፤ ደጋግሞ ካስመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ። ብዙ ጠበል መጠጣት ሊያስመልስ ስለሚችል ከኪኒኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ትንፋሹ ለደከመ ልጅ በጠዋት በብርድ መጠመቅ ይከብደዋል፤ በሞቀ ሰዓት ይሁንለት፤ ቶሎም ይድረቅ። ጾሙን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ሙስሊም ለሆናችሁትም ለታመመ ልጅ ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ሼሁ ይነግሯችኋል። ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ዱሼን ያለበት ልጄ ለቀዶ ሕክምና ሊገባ ነው። ለሐኪሞቹ ምን ልንገራቸው? እደነግጥና ሁሉ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ በቃል አይንገሩ፤ ወረቀት ይስጡ። በሽታው ላለበት ልጅ አንዳንድ የማደንዘዣ ዓይነቶች ልብን በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ ቀዶ የሚያደርገው ሳይሆን ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለውን በካርቶን ላይ ጽፈው በፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ አንዱ በልጁ ልብስ ኪስ፣ አንዱ በእርስዎ ዘንድ ይሁን።

«ስሜ … ነው። ዱሼን የጡንቻ በሽታ አለብኝ። ሱክሲኒልኮሊን አይሰጠኝ። በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ጭምር፣ አይሰጠኝ። ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ … ሚሊ ግራም እወስዳለሁ፤ በቀዶ ሕክምናና በከባድ ሕመም ጊዜ ተጨማሪ ስቴሮይድ ያስፈልገኛል፤ መዋጥ ካልቻልኩ በመርፌ ይሰጠኝ። ኤኤስቲና ኤኤልቲ ከፍ የሚሉት ከጡንቻዬ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የልቤ አልትራሳውንድ ይታይ። ኦክስጅን ብቻውን ከመስጠት በፊት ትንፋሼ መድከም አለመድከሙ ይታይ። የወላጅ ስልክ …»